ጎጆ በዐለቱ፣ እንጀራ በማዶ

ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ከእኛ ፊት ለፊት የሚኖሩት ጎረቤቴ ጡረታ የወጡ የከባድ መኪና ሾፌር ናቸው። እኔ «ጋሼ» እላቸዋለሁ፤ እሳቸው እኔን «አንቺ ልጅ»፣ የአራት ዓመት ልጄን ደግሞ «አለቃዬ» ይላሉ። አሮጌ መኪናቸው በሳምንት አንድ ቀን ካልተነዳች ባትሪዋ ይሞታል ብለው ስለሚያምኑ፣ እሑድ ከቅዳሴ መልስ የሆነ ቦታ መሄድ ግዴታ ነው። ከመስቀል በኋላ በነበረ አንድ እሑድ የሄድነው አባ ሳሙኤል ግድብ ዳር ነበር።

አባ ሳሙኤልን የአቃቂ ሰው ከሩቅ በጠረኑ ያውቀዋል። ትልቁና ትንሹ አቃቂ የከተማውን እጣቢና የፋብሪካውን ፍሳሽ ተሸክመው የሚገናኙት እዚያ ነው። ከውሃው ብዙውን እምቦጭ ሸፍኖታል። ያም ሆኖ ወፍ አይጠፋበትም፤ ክረምቱ ሲወጣ ጋጋኖውም፣ ዳክዬውም፣ ከአውሮፓ ብርድ ሸሽቶ የሚመጣውም ይሰፍርበታል። በዚያ ቀን ከእምቦጩ ባሻገር፣ ክፍት በቀረው ውሃ ላይ ፔሊካኖች ነበሩ፤ ነጫጭ፣ ግዙፍ፣ ረጅም መንቁራቸውን ደረታቸው ላይ አሳርፈው የተቀመጡ። ልጄ ቆጠረቻቸውና አስር ናቸው አለች። ከአስር በላይ መቁጠር ገና አልተማረችም።

ጋሼ መነጽራቸውን አውልቀው በሸሚዛቸው ጫፍ ጠረጉና መልሰው አደረጉ።

«እነዚህን አውቃቸዋለሁ» አሉ። «ሞያሌ ስመላለስ አብያታ ዳር በሽ በሽ ነበሩ። አገራቸው እዚያ አይደለም እንዴ?»

«አብያታ የሚመገቡበት ነበር እንጂ ጎጇቸው ሻላ ነው ጋሼ። ሻላ መካከል ያሉት ድንጋያማ ደሴቶች ላይ ነው የሚፈለፈሉት።»

«ደሴቱን ሰው ሰፈረበት?»

«የለም፣ ማንም አልነካውም። ፓርክ ነው።»

«ቤታቸው ካለ ታዲያ እዚህ እጣቢ ውስጥ ምን ይሠራሉ?»

ዝም አልኩ። ባዮሎጂ ተምሬ የሒሳብ ሠራተኛ የሆንኩ ሰው ነኝ (በአገራችን እንዲህ ያለ ሰው ብርቅ አይደለም)፤ ስለ ፔሊካን አውሪ ብባል ብዙ አወራለሁ። ለዚህ ጥያቄ ግን የተዘጋጀ መልስ አልነበረኝም። እርግጥ ነው፣ እነዚያ ወፎች ከሻላ ይምጡ ከሌላ ስፍራ በዓይን አይቶ መናገር አይቻልም። ፔሊካን ሩቅ ተጓዥ ነው፤ ከምሥራቅ አውሮፓ ተነስቶ ወደ አፍሪካ የሚወርድም አለ። የጋሼ ጥያቄ ግን የእነዚያን ጥቂት ወፎች አድራሻ የሚመለከት አልነበረም። ቤቱ ሳይነካበት ከቤቱ የራቀ ፍጡር ምን ነክቶት ነው ማለታቸው ነበር። ጥያቄው ሰርቪስ ውስጥ፣ ቢሮ ውስጥ፣ ሌሊት የቧንቧ ውሃ እስኪመጣ ስጠብቅ ሁሉ ሲከተለኝ ከረመ።

ድሃው ደሴት

ሻላ ከአዲስ አበባ በስተደቡብ 200 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ፣ እሳተ ገሞራ ፈንድቶ ትቶት በሄደው ጎድጓዳ ውስጥ የተጠራቀመ ሐይቅ ነው። እስከ 266 ሜትር ይጠልቃል፤ ከኢትዮጵያ የስምጥ ሸለቆ ሐይቆች በጥልቀት የሚደርስበት የለም። ዳርቻው ላይ ፍል ውሃ ይንተከተካል፤ ውሃው ጨውና ሶዳ የበዛበት ነው። ከዚያ ጥልቀት ውስጥ ጥቂት ዐለቶች ብቅ ብለዋል። ደሴት የምንላቸው እነሱን ነው፤ ጥቁር ድንጋይ፣ እዚህም እዚያም ሙጥኝ ያለ ቁጥቋጦ፣ የወፍ ኩስ። የሚታረስ መሬት የለም፣ የሚጠጣ ውሃ የለም።

ፔሊካን ይህን ለምን መረጠ? ወንዱ ከ10 ኪሎ ግራም በላይ ሊመዝን ይችላል። የተዘረጋ ክንፉ ከጫፍ እስከ ጫፍ 3 ሜትር ይጠጋል። ይህን የሚያህል ወፍ እንቁላሉን የሚጥለው መሬት ላይ ነው፤ ከተቀመጠበት ለመነሳትም ጊዜ ይወስድበታል። ቀበሮና ጅብ በሚመላለሱበት ዳርቻ ላይ ጎጆውን ቢሠራ አንዲት ሌሊት ትጨርሰው ነበር። ደሴቱ ላይ ግን ባለ አራት እግር አዳኝ የለም። ለምን የለም? ሊሻገር ስለማይችል፤ ቢሻገርም ወፎቹ በሌሉበት ወራት የሚበላው ስለማያገኝ።

ተማሪ ሳለሁ ይህችን ነጥብ በአንድ ዐረፍተ ነገር አልፌያት ነበር፤ አሁን ግን የነገሩ ሁሉ ሥር እሷ ሆና ትታየኛለች። ደሴቱ የታመነው ድሃ ስለሆነ ነው። ሣር ቢኖረው ፍየል ይሻገርለት ነበር፤ ፍየል ካለ እረኛ፣ እረኛ ካለ ውሻ ይከተላል። ዙሪያው ዓሣ ቢበዛበት ጀልባው አያርፍም ነበር። ሰላሙ የመጣው ከባዶነቱ ነው፤ ለዚያ ሰላም የሚከፈለው ደግሞ እንጀራን ከሌላ ቦታ ማምጣት ነው።

የዝዋይን ደሴቶች እናስብ። ዝዋይ ዓሣ የሞላው ሐይቅ ነው፤ ቱሉ ጉዶን በመሳሰሉት ደሴቶቹ ላይ የዛይ ሕዝብ ከጥንት ጀምሮ ይኖራል፤ እርሻ አለ፣ ገዳም አለ። ዮዲት ጉዲት አክሱምን ስታጠፋ ታቦተ ጽዮን ወደዚያ ተሸሽታ ነበር ይላል ትውፊቱ። ሰውም መሸሸጊያ ሲያጣ ደሴት ይመርጣል ማለት ነው፤ የሚበላበትን ደሴት ካገኘ ደግሞ ይቀመጥበታል። ለወፉ የተረፈለት ሰው ያልፈለገው ዐለት ነው።

እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ያስተምር የነበረው አሜሪካዊው ኤሚል ኧርባንና ኬንያ ይኖር የነበረው ብሪታንያዊው ሌስሊ ብራውን የእነዚህን ወፎች ኑሮ ተከታትለው፣ በ1969 ስለ ሻላ ፔሊካኖች መራባት ጥናት አሳትመዋል። ከዚያ ወዲህ ስለ ነጩ ፔሊካን የሚጽፉ ብዙዎች ወደዚያ ሥራ ይመለሳሉ። ከትምህርት ቤት ትዝ የሚለኝ ግን የጥናቱ ቁጥር ሳይሆን የጫጩቱ አስተዳደግ ነው።

ፔሊካን አብዛኛውን ጊዜ ሁለት እንቁላል ይጥላል። አንድ ወር ለሚሆን ጊዜ እናትና አባት እየተፈራረቁ ያሞቁታል። የሚያሞቁት በሆዳቸው አይደለም፤ ሰፊውን የእግራቸውን ቆዳ አልብሰውት ነው። ይህን ለጋሼ ስነግራቸው «እንግዲያው ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ያለው ሰው ሻላ ደርሶ የመጣ ነው» ብለው ራሳቸው በቀልዳቸው ሳቁ። ጫጩቱ ራቁቱን ይፈለፈላል፤ ቆይቶ ጠቆር ያለ ለስላሳ ላባ ያበቅላል። ሰው ወይም ጀልባ ተጠግቶ ወላጆቹ በርግገው ቢነሱ ፀሐዩ ብቻውን ሊገድለው ይችላል፤ ፀሐዩ ቢምረው ቁራና አሞራ አይምሩትም። ስለዚህ አንዱ ወላጅ ጥላ ሆኖ ይቆማል፣ ሌላው ምግብ ፍለጋ ይሄዳል። ጫጩቶቹ ጠንከር ሲሉ አንድ ላይ ይሰባሰባሉ፤ ሁለቱም ወላጆች መውጣት የሚችሉት ያኔ ነው። ክንፉ እስኪጸና ከሁለት ወር በላይ ይፈጃል። በዚህ ሁሉ ጊዜ ጫጩቱ የሚያድገው ከሌላ ሐይቅ ተይዞ የመጣውን ዓሣ ከወላጁ ጉሮሮ እየተቀበለ ነው። ከሁለቱ ጫጩቶች አብዛኛውን ጊዜ የሚተርፈው አንዱ ብቻ ነው።

ያ ሌላ ሐይቅ አብያታ ነበር። ከሻላ በስተሰሜን፣ ከአንዲት ከፍታ ማዶ፤ ጥልቀት የሌለው፣ ቆሮሶ የሚባለው ዓሣ የሞላበት። ጎጆና ማዕድ በአንድ ተራራ ብቻ ተለያይተው ነበር ማለት ነው።

ፊኬ አፋፍ ላይ

ከገና በኋላ ጋሼ «ባትሪዋ ረጅም መንገድ አምሯታል» አሉ። ባትሪዋ ምን እንዳማራት ሁለታችንም እናውቃለን። ሞጆን፣ መቂን፣ ዝዋይን አልፈን ወረድን (ከተማዋ ባቱ ከተባለች ቆይታለች፤ ጋሼ ግን በጡረታ ዕድሜዬ ስም አልለምድም ይላሉ)። እሳቸው እየነዱ ድሮ ጎማ የፈነዳባቸውን ቦታ ሁሉ ያሳዩኛል። ልጄ ከኋላ ተኝታለች።

በፓርኩ በር ላይ ስካውት ተመደበልን። በአጥሩ ውስጥ ሰጎንና ሚዳቋ አሉ፤ ልጄ ሰጎኑን ስታይ ጉዞው እዚያ ያበቃ መስሏት ነበር። ሁለቱን ሐይቆች የሚለየው መሬት ጠባብ ነው፤ ከፍተኛው ቦታ ፊኬ ተራራ ሲሆን 2,075 ሜትር ይደርሳል። እኛ የቆምነው ከእሱ ዝቅ ባለ አፋፍ ላይ ነበር። በስተደቡብ ሻላ፣ ጥቁር ሰማያዊ፣ ደሴቶቹ መካከሉ ላይ። በስተሰሜን አብያታ፣ ዙሪያውን ነጭ የጨው ጠርዝ ለብሶ፣ ከጠርዙ ወዲህ ለሐይቅ የማይመስል ረጅም ባዶ ሜዳ።

«እስከ አራት ሰዓት ጠብቁ» አለ ስካውቱ። ፔሊካን ክንፉን እያርገበገበ ረጅም መንገድ መሄድ ስለሚከብደው፣ ፀሐይ ምድሩን አሙቃ አየሩ ወደ ላይ መነሳት እስኪጀምር ይቆያል። ከዚያ በሚወጣው አየር ላይ እየዞረ ከፍ ይልና ያገኘውን ከፍታ ይዞ ወደሚሄድበት ይንሳፈፋል። ጠዋት በሌሊት ተነስተን መምጣታችን ትርፉ ብርድ ብቻ ነበር።

አራት ሰዓት ሊሆን ሲል ከደሴቶቹ አካባቢ ነጫጭ ነጠብጣቦች ተነሱ። መጀመሪያ ውሃው ላይ ዝቅ ብለው መጡ፤ ከዚያ ዳርቻው ላይ ሲደርሱ መዞር ጀመሩ። አንድ ዙር፣ ሌላ ዙር፣ በእያንዳንዱ ዙር ከፍ እያሉ። ፀሐዩ ሲያገኛቸው ሁሉም በአንድ ጊዜ ነጭ ያበራሉ፣ ሲዞሩ ደግሞ የክንፋቸው ጥቁር ጠርዝ ብቻ ይታያል። ለረጅም ጊዜ ያህል እኛ ካለንበት ከፍታ በታች ነበሩ፤ ወፍን ከላይ ወደ ታች መመልከት እንግዳ ነገር ነው። ቀጥሎ ከእኛ ጋር ተስተካከሉ። ቀጥሎ አለፉን። አፋፉን ሲሻገሩ ከራሳችን በላይ ነበሩ፤ ጋሼ ኮፍያቸውን ይዘው ወደ ላይ አንጋጠጡ።

እኔ ዓይኔን አብያታ ላይ አሳርፌ ጠበቅኩ። የተማርኩት ነው፤ ሻላ ላይ ይተኛሉ፣ ፊኬን ይሻገራሉ፣ አብያታ ላይ ይወርዳሉ። በፈረስ ኮቴ ቅርጽ ተሰልፈው ዓሣውን ወደ ጥልቀት አልባው ዳርቻ እየነዱ፣ ሁሉም በአንድ ጊዜ አንገታቸውን ነክረው ያወጣሉ። አሁን ያዘነብላሉ አልኩ። አሁን እግራቸውን ያወርዳሉ። አላዘነበሉም። የሐይቁን ደቡባዊ ዳርቻ አለፉ፣ መካከሉን አለፉ፣ ሰሜናዊውን ነጭ ጠርዝ አለፉ፤ ከፍታቸውን እንኳ አልቀነሱም። ወደ ዝዋይ አቅጣጫ እያነሱ እያነሱ ሄደው ከሙቀቱ ጭጋግ ጋር ተቀላቀሉ።

«አልፈውት ሄዱ!» አሉ ጋሼ። «ውሃውን አላዩትም እንዴ?»

«አይተውታል» አለ ስካውቱ። «ምን ይሥሩበት? ዓሣው ካለቀ ቆየ።»

ከዚያ በፊት አብያታ ዓሣ እንዳለቀበት አንብቤአለሁ። ማንበብና ያንን ማየት ግን ለየቅል ናቸው። እነዚያ ወፎች እንዲያው ልሞክር ብሎ የወረደ እንኳ በመካከላቸው አልነበረም። በቁጥር ብዙ ናቸው፤ አንድ ሞኝ፣ አንድ ተስፈኛ፣ አንድ ጀማሪ አይጠፋቸውም ብዬ ስጠብቅ ነበር። የሉም። ሁሉም ያውቃሉ።

ልብ በሉ፣ አብያታ ሙት ሐይቅ አይደለም። ዳርቻው ላይ ፍላሚንጎዎች ተሰልፈው ነበር፤ ዓሣውን የገደለው ጨውና ሶዳ እነሱ የሚበሉትን ጥቃቅን ዋቅላሚ ያለመልማል። ጎብኚው ያንን ሮዝ መስመር ፎቶግራፍ አንስቶ ደስ ብሎት ይመለሳል፤ እኔም አነሳሁ። ሻላ በስፍራው ነው፤ ደሴቶቹ በስፍራቸው ናቸው፤ ወፎቹም በዓይናችን ሥር ተነስተው በረሩ። የሞተ ነገር አሳዩኝ ብትሉ የማሳያችሁ የለኝም። የተጨመረው ርቀት ብቻ ነው። በፊት ተራራውን ተሻግረው ይወርዱ ነበር፤ አሁን በቀጥታ መስመር እንኳ ከ50 ኪሎ ሜትር በላይ ሄደው፣ ዓሣ ይዘው፣ ያንኑ መንገድ ይመለሳሉ። ወደ ሐዋሳ ሐይቅ ቢሄዱም ርቀቱ ከዚያ ብዙ አይለይም። ወደ አባ ሳሙኤል ደግሞ 150 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ያ እንግዲህ የዕለት ምልልስ መሆኑ ቀርቶ ስደት ነው።

ርቀት የሚገድለው ማን ነው ብዬ አስባለሁ። ትልቁን ወፍ አይገድልም፤ ርቆ ሄዶ ራሱን ያጠግባል። የሚገድለው መጀመሪያ ሁለተኛውን ጫጩት ይመስለኛል፤ ድሮም ዕድሉ የመነመነውን። ቀጥሎ ደረቅ ዓመት ሲመጣ አንደኛውን። ጥላ ሆኖ የቆመው ወላጅ ረሃቡ ሲጠናበት፣ ተረኛው ቀርቶበት፣ ጎጆውን ጥሎ ይነሳል። ይህ ሁሉ የሚሆነው ሰው በማይደርስበት ዐለት ላይ ነው። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል ይባላል፤ እዚህ ደግሞ እያሳሳቀ የወሰደው ራሱ የውሃው መሄድ ነው።

ውሃው የት ገባ

ከዛሬ 9,000 ዓመት ገደማ በፊት ዝዋይ፣ ላንጋኖ፣ አብያታና ሻላ አንድ ትልቅ ሐይቅ ነበሩ፤ ሞልቶ ሲፈስም ወደ አዋሽ ይፈስ ነበር። የአባ ሳሙኤልም ውሃ መድረሻው አዋሽ ነው። ይህን የነገርኳቸው ጋሼ «እና ዘመድ ጥየቃ ነው የመጡት በይኛ» አሉ።

ሐይቁ ሲጎድል አራት ሆኖ ቀረ። አብያታ ከአራቱ የመጨረሻ ተቀባይ ነው። ከመቂና ከካታር ወንዞች ዝዋይ የሚገባው ውሃ፣ የተረፈው በቡልቡላ ወንዝ በኩል ወደ አብያታ ይወርዳል፤ ከላንጋኖም በሆራ ከሎ ትንሽ ይመጣለታል። ራሱ አብያታ ግን መውጫ የለውም። የገባው ውሃ የሚወጣው በትነት ብቻ ነው፤ ውሃው ሲተን ጨው ይቀራል። ስለዚህ ላይኛው ሰው አንድ ባልዲ በቀዳ ቁጥር አብያታ ይጎድላል ብቻ ሳይሆን ይመርራል። ይህ ተንኮል የሌለበት ተራ ስሌት ነው።

ላይኛው ሰው ደግሞ ብዙ ነው። በመቂና በካታር ዳር፣ በዝዋይ ዙሪያ፣ በቡልቡላ ግራና ቀኝ የውሃ ፓምፕ ተደርድሯል፤ ሽንኩርት፣ ቲማቲም፣ ጎመን፣ በዝዋይ ዳር ደግሞ አበባ። በዚያ ላይ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ የሶዳ አሽ (ለመስታወትና ለሳሙና መሥሪያ የሚሆን ጨው) ፋብሪካ መጣና የሐይቁን ውሃ ራሱን እየሳበ በኩሬ ማድረቅ ጀመረ። ድርቁም የራሱን ድርሻ ወሰደ። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጀመሪያ 200 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ የነበረው ሐይቅ በኋላ ከግማሽ በታች ሆነ። በጥሩ ዘመኑ እንኳ ጥልቀቱ ከ14 ሜትር የማይበልጥ ሐይቅ ትንሽ ከጎደለ ዳርቻው ሩቅ ይሸሻል። ጋሼ ድሮ ከአስፋልቱ ላይ ሆነው ሲያዩት የነበረው ውሃ ዛሬ ሸሽቷል፤ «ሐይቁ ነው የሄደው ወይስ መንገዱ?» እያሉ ሲከራከሩኝ ነበር።

የሚገርመው ሻላ ብዙም አልተጎዳም። ጥልቅ ነው፣ ጨዋማ ነው፣ ለመስኖ አይሆንም፣ ማንም አልተመኘውም። ፓርኩ ሁለቱንም ሐይቆች በአንድ ስም አቅፏል፤ ነገር ግን ከሁለቱ ተጠብቆ የቀረው ራሱን በድህነቱ የጠበቀው ነው። ሀብታሙን ሐይቅ የሚያኖረው ውሃ ከፓርኩ ውጪ፣ ከአጥሩ ባሻገር፣ ከስካውቱ ሥልጣን በላይ የሚቀዳ ነው። ስካውቱ በደሴቱ ላይ ጀልባ እንዳይጠጋ ሊከለክል ይችላል። መቂ ላይ የሚንደቀደቀውን ፓምፕ በምን ይከለክላል?

ባለቤት ነሽ

ስንመለስ ጋሼ ያላሰብኩትን ጣሉብኝ። «አንቺስ ብትሆኚ? ጎጆሽ ቱሉ ዲምቱ፣ እንጀራሽ ፒያሳ።»

አልወደድኩላቸውም። ሰውን ከወፍ ማመሳሰል ቀላል ብልጠት ነው፤ ወፉም አይጠቀምበት፣ ሰውዬውም አይጽናና። እኔ ሰርቪስ አለኝ፤ ልጄን የሚያበሉልኝ የጋሼ ባለቤት አሉ፤ ፀሐይ የሚገድለው ማንም የለኝም። ይህን ሁሉ ነገርኳቸው። «እሺ፣ ይቅር» ብለው መሪያቸውን ያዙ። እኔ ግን ከቡልቡላ እስከ ዝዋይ ውስጤ ሲከራከር ሄደ።

አራት ኪሎ አካባቢ በኪራይ ስንኖር ቤታችን አንድ ክፍል ነበር፤ አከራያችን በየስድስት ወሩ ኪራይ ይጨምሩ ነበር። ወደ ሥራ ግን በእግሬ እሄዳለሁ፣ ምሳ ሰዓት ቤት እገባለሁ። የኮንዶሚኒየም ዕጣ ሲደርሰን እልልታው ለጉድ ነው። ቤቱ የእኛ ነው፤ ማንም ውጡ አይለንም። አሁን ሰርቪሱ ንጋት አሥራ ሁለት ሰዓት ሳይሞላ ይነሳል፤ ልጄ እንደተኛች እወጣለሁ፣ መንገድ የተዘጋጋበት ቀን ከሆነ ተኝታ እደርሳለሁ። ሥራዬ ሒሳብ ነውና በሒሳብ ዓይን አየሁት። ቤት፦ አላት። ሥራ፦ አላት። ሁለቱም መስመር ላይ ትክክለኛ ቁጥር ተጽፏል። በሁለቱ መካከል ያለው መንገድ የሚጻፍበት ዓምድ ግን መዝገቡ ላይ የለም፤ ዓምድ የሌለው ነገር ደግሞ አይደመርም፣ አይቀነስም፣ ኦዲተር አይጠይቅበትም።

የፓርኩ መዝገብም እንደዚሁ መሆን አለበት። ደሴቶች፦ አልተነኩም። ፔሊካን፦ ይታያል። ከዚህ በላይ ንጽጽሩን አልገፋበትም፤ እኔ ሲመረኝ ቤት አከራይቼ መሀል ከተማ መግባት እችላለሁ። ፔሊካኑ ሻላን አከራይቶ የትም አይገባም። ዝዋይ ዳር ጎጆ ልሥራ ቢል ከብትና ውሻ አለ፣ ሕፃናት አሉ፣ መረብ አለ። ድሃው ደሴት ላይ የታሰረው ሌላ ሰላም ያለው ቦታ ስለሌለው ነው።

ዝዋይ ስንደርስ ለምሳ የዓሣ ማውረጃው ዳር ቆምን። እዚያ ፔሊካኑ በቅርብ ይታያል፤ ከአባ ኮዳዎቹ ጋር ተጋፍቶ አሥጋሪዎቹ የሚጥሉትን የዓሣ አንጀትና አከርካሪ ይጠብቃል። ልጄ በደስታ ጮኸች፤ በእርግጥም አስቂኝ ናቸው፣ መሬት ላይ ሲራመዱ ክብራቸው ሁሉ ይጠፋል። ፎቶግራፍ አንሺዎች ገንዘብ ከፍለው ዓሣ ያስወረውሩላቸዋል። አንዱ ፔሊካን የቆሮሶ ጭንቅላት ውጦ አንገቱ ላይ እብጠቱ ቀስ እያለ ሲወርድ ሁላችንም ተከታተልነው። ጋሼ አጥንቱን እየለቀሙ «ዓሣን መብላት በብልሃት፤ ይሄ ግን እንዳለ ነው የሚውጠው» አሉ።

አንድ ወጣት አሥጋሪን ወፎቹ መቼ እንደሚመለሱ ጠየቅኩት።

«ሞቅ እያለ የሚሄዱ አሉ። ሌሎቹ እዚሁ ያድራሉ።»

«የሚያድሩት ልጅ የላቸውም ይሆን?»

ትከሻውን ነቀነቀ። «እኔ ደሴታቸው ድረስ ሄጄ አላውቅም።» ከዚያ የዝዋይም ዓሣ እንደ ድሮው አለመሆኑን፣ መረቡ ጠባብ መሆኑን፣ ውሃውም በበጋ እየሸሸ መሆኑን አወራን። ዝዋይም ቢሆን የአብያታን መንገድ አይሄድም ብዬ የምተማመንበት ምክንያት የለኝም፤ ከሁለቱም የሚቀዳው ያው ውሃ ነው።

ከዚያ ተነስተን ጋሼና እኔ እስከ መቂ ስንከራከር ሄድን። እሳቸው የሶዳ ፋብሪካውን መዝጋት ነው መፍትሔው ይላሉ። እኔ ደግሞ ፋብሪካ አንድ ስለሆነ ጣት ለመቀሰር ይመቻል፤ ፓምፑ ግን ብዙ ነው፣ ባለቤቱም አንድ ጥማድ መሬት ያለው ገበሬ ነው እላለሁ። ፓርኩ ከአጥርና ከበር ይልቅ ቡልቡላ ወንዝ ላይ የውሃ መለኪያ ቢኖረው፣ በዓመት ይህን ያህል ውሃ አብያታ ሳይደርስ አይቀዳም የሚል ሕግና ሕጉን የሚያስከብር ሰው ቢኖረው፣ ለደሴቶቹ ከማንኛውም ጥበቃ ይልቅ ያ ይበጃቸው ነበር። «ገበሬውስ ምን ይብላ?» አሉ ጋሼ። ትክክለኛ ጥያቄ ነው። አነስተኛ ውሃ የሚጠጣ የጠብታ መስኖ አለ፤ የሚገዛበት ብድር ያስፈልገዋል፤ ብድሩን የሚሰጠው ማን ነው፤ ክርክሩ እዚያ ላይ እንደ ቆመ መቂ ገባን።

መቂ ላይ ጋሼ መኪናዋን ዳር አስይዘው ወረዱ። ከመንገዱ ዳር በሣጥን የተደረደረ ቲማቲም ይሸጣል፤ ከጀርባው ማሳው ይታያል፣ ፓምፑ ይሰማል። ዋጋው ቱሉ ዲምቱ እሑድ ገበያ ላይ ከምንገዛበት በግማሽ ይቀንሳል። አንድ ሣጥን ገዝተው ከልጄ አጠገብ አስቀመጡና «ግማሹ ያንቺ ነው፤ ሲልስ ሠርተሽ አስቀምጪ» አሉኝ። ተከራክሬ ገንዘቡን አካፈልኳቸው።